በስግደት የጎበጠው ስልክ

ለልጄ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በደህና አደረሰሽ። ጾሙን እዚያው ጤና ጣቢያ ከሕሙማንሽ ጋር እንደፈታሽ ስሰማ አዘንሁም፣ ኮራሁም። ሰውነትሽ እንዴት ነው? የፍላቂት ብርድ ገና አልለቀቀም ይላሉ። እናትሽ ጋቢ ካልላክሁ ብላ ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽን ሹፌር ሁለት ጊዜ ከመንገድ አስመልሳዋለች። እኛ በፈጣሪ ቸርነት ደህና ነን። የእናትሽ ጉልበት ተሽሎታል። የእኔ ድምፅ በሰሙነ ሕማማት እንደ ልማዱ ጠፍቶ ነበር፤ አሁን ግማሹ ተመልሷል፣ ተማሪዎቼም ግማሹ ይበቃናል ይላሉ። ጥቁሯ ላም ወልዳለች። ጥጃዋ ሴት ናት፤ ስሟን አንቺ እንድታወጪላት ብለን እስካሁን ዝም ብለን ጥጃዋ እያልን እንጠራታለን።

ደብዳቤ ሲደርስሽ ምን ሆነው ነው ብለሽ እንዳትደነግጪ፤ ማንም አልታመመም። በስልክ ያልነገርሁሽ፣ ሳወራ እናትሽ ከጎኔ ተቀምጣ እያንዳንዱን ቃሌን ስለምታርመኝ ነው። ነገሩ ይህ ነው፤ በየካቲት የላክሽልኝን ስልክ ሰብሬው ነበር። አሁን ተሠርቷል። ድምፅሽም ይሰማኛል፣ መልክሽም ይታየኛል። አሰባበሩን ግን ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ከእኔው ብትሰሚው ይሻላል። ምናልባት ወሬው ቀድሞኝ ደርሶሽም ይሆናል።

እውነቱን ላውጣው፤ ስልኩ ሲመጣ ብዙም አልወደድሁትም ነበር። ከመቅጠኑ የተነሣ ኪሴ ውስጥ እያለ ጠፋብኝ ብዬ እፈልገዋለሁ። ከመለስለሱ የተነሣ እንደ ሳሙና ከእጄ ያመልጠኛል። አሮጌዋ ባለ ቁልፏ ስልኬ እኮ ዘጠኝ ዓመት አገልግላኛለች። ከአሸተን ማርያም ስወርድ እናትሽን እያነጋገርሁ ከእጄ አምልጣኝ፣ ቁልቁለቱ ላይ ሦስት ጊዜ ነጥራ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባች፤ ወርጄ አንሥቼ ጆሮዬ ላይ ሳደርጋት እናትሽ ገና እየተናገረች ነበር። የአጎትሽ በቅሎ ረግጣታለች። ጥምቀት ላይ ውኃ ውስጥ ገብታ፣ ገብስ ጆንያ ውስጥ ሁለት ቀን አድራ ድናለች። ክዳኗ ስለማይገጥም በላስቲክ አስሬ ነው የምይዛት እንጂ ሌላ እንከን የለባትም።

አዲሱን የያዝሁት ፊትሽ ስለሚታይበት ብቻ ነው። ከጥር ወዲህ ንግግርሽ አጠረብኝ። ደህና ነዎት፣ ደህና ነኝ፣ እናቴን ሰላም ይበሉልኝ፤ በቃ። ቃልሽ ካጠረ መልክሽን እንኳ ልየው ብዬ ነው።

ለምን እንዳጠረ አጥቼው አይደለም። በጥር ያ የጋሸና ልጅ ሽማግሌ ሲልክ፣ ልጁ ምን ይሠራል ብዬ ጠየቅሁ። ስልክ ይሠራል አሉኝ። እኔም፣ ዛሬ ተለጥፎ ነገ በሚላቀቅ ነገር የሚተዳደር ሰው እንዴት ጎጆ ያቆማል፣ ትዳር በሙጫ የሚያያዝ መሰላችሁ ወይ ብዬ ሸኘኋቸው። ልጁን አላየሁትም። ምስጋኑ መባሉን እንኳ የሰማሁት በኋላ ከእናትሽ ነው። ሽማግሌዎቹ ከወጡ በኋላ የተናገርሁትን ለራሴ ደገምሁት፣ ጣመኝም። ሠላሳ ዓመት ቅኔ ያስተማረ ሰው በሽታው ይህ ነው፤ ቃሉ ከጣመው ማን ላይ እንደሚያርፍ አያይም። አንቺም እንደ ፈቃድዎ አባቴ ብለሽ ዝም አልሽ። ብትከራከሪኝ ይሻለኝ ነበር። 

እንግዲህ ወደ ስቅለት ልምጣ። አሮጌዋን ስልኬን ቤተ ማርያም ስገባ በር ላይ ጫማዬ ውስጥ ጣል አድርጌ ነበር የምተዋት። ማንም አይነካትም፤ ያያት ሁሉ ያዝንላታል። አዲሱን ግን ጫማ ውስጥ ልተወው ብል ልቤ እምቢ አለኝ። ስልክ ይዛችሁ እንዳትገቡ እያልሁ ተማሪዎቼን የምቆጣው እኔው፣ አጥፍቼ የደረት ኪሴ ውስጥ ከተትሁትና ነጠላዬን አጣፍቼ ገባሁ። ከዚያማ ከጧት ጀምሮ ስግደት ነው። ቀኑን ታውቂዋለሽ፤ ወድቆ መነሣት፣ ወድቆ መነሣት፣ ከሥርም ድንጋይ ነው። ቤት ገብቼ ባወጣው ስልኩ ከመሐሉ ጎብጧል፣ መስታወቱም እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጥቋል። እናትሽ አየችውና አንድ ቃል ብቻ ተናገረች። እሰይ አለች።

ላሊበላ ስልክ ሠሪ ጠፍቶ አይደለም፤ ከቤታችን እስከ ገበያው ሦስት አሉ። ግን ሦስቱም ያውቁኛል። መሪጌታው ስልክ ይዘው ቤተ ክርስቲያን ገቡ ተብሎ አገር ሊስቅብኝ ነው። ስለዚህ ረቡዕ በጧት ሚኒባስ ይዤ ወደ ጋሸና ወጣሁ። ምክንያቱ ይኸው ነው፣ ሌላ የለውም። ጥምጥሜን ቤት ትቼ የአጎትሽን ባርኔጣ ያደረግሁትም የጋሸና ነፋስ ኃይለኛ ስለሆነ ነው። እናትሽ ይህን ስነግራት የበሩን መቃን ይዛ ሳቀች። ምን እንዳሳቃት አልጠየቅኋትም።

ከመኪናው እንደወረድሁ ፊት ለፊቴ አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ አየሁ፤ አንቺ ወደ ፍላቂት ስትሄጂ መኪና የምትቀይሪበት ቦታ ፊት ለፊት። ሌሎች ሱቆች ነበሩ፤ እኔ ግን እዚያች ገባሁ። ውስጥ አንድ ቀጭን ልጅ ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሮ ይሠራል። እጁ ንጹሕ ነው፣ ሲሠራ አያወራም። ወረፋ ስለነበር አግዳሚው ላይ ተቀመጥሁ፤ ለማየት ጊዜ አገኘሁ ማለት ነው። ከፊቴ የነበረው ገበሬ ባትሪው ያበጠ ስልክ ይዞ ክዳኑን ብቻ ግጠምልኝ ይላል። ልጁ እምቢ አለው። ሰውየው ተቆጣ፣ ሌላ ቦታ እሄዳለሁ አለ። ልጁም፣ ጋሼ፣ ይሄ ቤትዎን ያቃጥላል፣ ተቆጥተው ቢሄዱ ይሻለኛል አለና ባትሪውን አውጥቶ አሸዋ የሞላ ጣሳ ውስጥ ቀበረው። ገበሬው እየተነጫነጨ ቁጭ አለ፤ አልሄደም።

ተራዬ ሲደርስ ከጠረጴዛ ወድቆብኝ ነው አልሁት። ዓይኔን በጨው አጥቤ ዋሸሁ። ስልኩን ወደ ብርሃን አንሥቶ በጎኑ አየና፣ አባቴ፣ የወደቀ ስልክ የሚጎዳው ጥጉ ላይ ነው፣ ይሄ ግን ከመሐሉ ነው የጎበጠ፣ አንድ ነገር ደጋግሞ ተጭኖታል አለኝ። ተማሪ ሲዋሽ በድምፁ የማውቅ ሰው በተራዬ እጅ ከፍንጅ ተያዝሁ። ስሰግድ ነው አልሁት። ይስቃል ብዬ ስጠብቅ አልሳቀም። በሬ የረገጠው፣ ሊጥ ውስጥ የገባ፣ ፈረስ የጣለው ብዙ አይቻለሁ፣ ስግደት የሰበረው ግን የመጀመሪያዬ ነው አለኝ።

እኔም አሮጌዋን አውጥቼ አሳየሁት፤ ልኩራራባት ብዬ ነው። ላስቲኳን ፈትቶ በትንሿ ካቻቢቴው ስድስት ብሎን አወጣና ሆዷን አሳየኝ። ይችን ሲሠሯት ሰው ይጥላታል ብለው አስበው ነው፣ አዲሱን ሲሠሩት ደግሞ ሰው ያየዋል ብለው ነው አለኝ። የአዲሱ ጎን ብረት ይመስላል እንጂ ቀለም የተቀባ ፕላስቲክ ነው፤ የሚያያዘውም በሙጫ ነው። እንዲያ ከሆነማ ምን ዕድሜ አለው አልሁት። ሙጫውን ብቻ አይውቀሱት አባቴ አለኝ። አሮጌው ሙጫ ተፍቆ ካልጸዳና እስኪይዝ ካልታገሡት ይለቃል፣ የታገሡት ግን ከመስታወቱ ይልቅ ይቆያል አለኝ። ጥር ላይ የተናገርሁት ጆሮው ደርሶ እንደሆነ ፊቱን አየሁት። ሥራውን እንጂ እኔን አላየኝም።

ከዚያ በሙቅ አየር እያሞቀ ጀርባውን ከፈተው። እዚህ ላይ እጁ ቆመ። አንገቴን አስግጌ ሳይ፣ ባትሪው ዙሪያውን በስስ ላስቲክ ተደግፏል፤ በመቀስ ተስተካክሎ የተቆረጠ፣ ጥጎቹ ሁሉ የተከረከሙ። በጀርባው በኩል ደግሞ እንደ ጥፍር የሳሳ ብረት ገብቶለታል። ይሄ የፋብሪካ ነው ወይ አልሁት። አይደለም አለኝ። ለምን ይጠቅማል አልሁት። ይሄ ባይኖር ባትሪው አብሮ ይጎብጥ ነበር፣ የጎበጠ ባትሪ ደግሞ በእሳት ይነሣል አለኝ። እጄ ሳላስበው ደረቴ ላይ ሄደ። ማን እንዲህ አደረገው አልሁት። ጆሮው ቀላ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይሆናል አለኝ። እንዲህ የሚለፋው ለምንድን ነው ብዬ ብነዘንዘው፣ ስልኩን የሚይዙት ሰው ክፉ እንዳያገኛቸው ብሎ ይሆናል አለና ካቻቢቴውን ሳይወድቅበት ከመሬት የወደቀ ይመስል ጎንበስ ብሎ መፈለግ ጀመረ።

ልጄ፣ ስልኩን በደመወዜ ገዛሁት ብለሽኝ ነበር። አሁን አልጠይቅሽም። የላክሽው በየካቲት ነው፤ እኔ ያንን ቃል የወረወርሁት በጥር ነው። እነዚህን ሁለቱን አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ሳስበው ውዬ አፈርሁ።

ጎኑን አቃንቶ፣ መስታወቱን ለውጦ፣ አዲስ ሙጫ ቀባበትና እስኪይዝ ሦስት ሰዓት መታሰር አለበት አለኝ። ማሰሪያ አነሰው። እኔም ከአሮጌዋ ላይ የተፈታችውን ላስቲክ ሰጠሁት፤ እሷ ናት መሐሉን የያዘችለት። እስከዚያ ምሳውን አካፈለኝ፣ ይባርኩልኝ ብሎ ሌማቱን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። ስለ ጋሸና ነፋስና ስለ ዘንድሮ ገብስ አወራን። ስለ ሌላ ነገር እሱም አላነሣ፣ እኔም አላነሣሁ። የሥራውን ዋጋ እንደ ማንኛውም ሰው አስከፈለኝ፣ ይህንንም ወደድሁለት። ስወጣ እስከ መኪናው ሸኝቶኝ፣ የኔታ፣ ለስግደት ሲገቡ ጫማዎ ውስጥ ይተዉት፣ ቢጠፋ ይተካል አለኝ። መኪናው ከተንቀሳቀሰ በኋላ ነው የገባኝ። አስተማሪ መሆኔን አልነገርሁትም ነበር። ባርኔጣውን አውልቄ ጭኔ ላይ አስቀመጥሁት።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ እሱን እናትሽም አታውቀውም። ስቅለት ማታ ጥብጠባው ላይ የነፍስ አባቴ ቄስ ገብረ ዮሐንስ ወይራውን ይዘው ምን የከበደህ ነገር አለ አሉኝ። በጆሯቸው የነገርኋቸውን አልጽፍልሽም፤ ከጥር ጀምሮ የተሸከምሁት ነበር። ጀርባዬን በወይራው መታ መታ አደረጉና፣ ለዚህኛው መቶ ሃያ ጨምር አሉኝ። ሕዝቡ ሲበተን ጥግ ይዤ መስገድ ጀመርሁ። እስከዚያ ሰዓት ስልኩ ደህና ነበር። ሰማንያኛው ላይ ደረቴ ውስጥ ቀጭ ሲል ሰማሁት። ምን እንደሆነ አውቄዋለሁ። ግን አርባ ይቀረኝ ነበርና አላወጣሁትም፤ ጨረስሁት።

እንግዲህ አባትሽ ስልክሽን የሰበረው እንዲህ ነው። አሁን ከቀድሞው ይልቅ ጠንክሯል፤ ትናንት ከእጄ ወድቆ ምንም አልሆነም። አሮጌዋ ግን ክዳኗ እየተከፈተ አስቸግራኛለች፤ ላስቲኬን ምስጋኑ ዘንድ ረስቼ መጥቻለሁ። ለብቻው ይላክልኝ አልልም፤ ወደ እኛ የሚመጡ ትልልቅ ሰዎች ካሉ በእነሱ እጅ ይስጥልኝ። እስከ ርክበ ካህናት ድረስ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ከቤት አልወጣም። እናትሽም ጠላውን ጠንስሳለች፤ ለማን እንደሆነ አልነገረችኝም።

የላስታ ቅዱሳን በመውጣትሽ በመግባትሽ ይጠብቁሽ። እጅሽ የዳሰሰው ሕመምተኛ ይዳን። የምትገቢበትን ጎጆ አምላክ ያጽናልሽ። ስትመጪ ከጋሸና ብቻሽን አትምጪ፣ መንገዱ ረጅም ነው።

በቃሉ የበደለሽ፣ በልቡ የሚወድሽ

አባትሽ