ተጎታች ቤታችን እስከ ፀደይ

ኢኒድ፣

ተጎታች ቤታችንን ለክረምቱ አሰናድቻታለሁ። ውሃዋ በረዶ ሆኖ ቧንቧዋን እንዳያፈነዳው አንጠፍጥፌ አፍስሻለሁ። ፍሪጁ እንዳይሻግት በሩን ገርበብ አድርጌዋለሁ፤ እንዳትዘጊው። ፍራሾቿ ያንቺ አልጋ ላይ ናቸው፤ ሌላ ደረቅ ቦታ አላገኘሁም።

አምና የእጅ ፍሬኗን እንደያዘ የተውኩት እኔ ነኝ። ዝጎ ጎማዋ አልዞር ሲል ግን በጋውን ሙሉ አንቺን ወቀስኩ።
ይኸው አልኩት፤ ደግሜ አልለውም።

ቅዳሜ ሊገዛት ለሚመጣው ሰውዬ ሻይ አፍዪለት። አባዬ ለሁለታችን የተዋትን ሳታማክሪኝ ለመሸጥ የጠራሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺው አስተናግጂው።

ለረጅም ጊዜ ስትቀመጥ ጎማዋ ወልቆ በብረት ድጋፍ ላይ ነው የምትቆመው፤ አባዬም እንዲሁ ነበር የሚያደርጋት። ጎማዎቿን መኪናዬ ላይ ጭኜ ሄጃለሁ። የምመለሰው በፀደይ ነው።

ሰውዬሽ ከፈለጋት ተሸክሟት ይሂድ።

እህትሽ ማቪስ