በከተማው ስንት በር እንዳለ ለጠየቁኝ የቢዝነስ ትምህርት ቤት ሰዎች

ለተከበራችሁ የማታው የቢዝነስ ትምህርት ቤት የመግቢያ ኮሚቴ አባላት፦

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤንነታችሁ፣ ለቤተሰባችሁ ሰላም፣ እንዲሁም በቃለ መጠይቄ ቀን ደጋግማችሁ ስታዩዋቸው ለነበሩት የእጅ ሰዓቶቻችሁ ደህንነት ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ።

እኔ በኬሚስትሪ የተመረቅሁ፣ በአንድ የቀለም ፋብሪካ የጥራት ቁጥጥር ላቦራቶሪ ኃላፊ ሆኜ ሽበት ያበቀልኩ ሰው ነኝ። የምርት ሥራ አስኪያጃችን በዓመቱ መጨረሻ ጡረታ ይወጣሉ፤ ፋብሪካውም ወንበራቸውን የሚረከበው በእናንተ ዘንድ ተቀባይነት ያገኘ ሰው እንዲሆን ወስኗል። ስለዚህ ከላቦራቶሪው ሁለት ሰዎች አመለከትን፦ እኔና ሥራውን ከሀሁ ጀምሮ ያስተማርኩት፣ ባልደረቦቹ "ፈጣኑ" የሚሉት ረዳቴ። እናንተም እሱን ተቀብላችሁ እኔን በትሕትና ሸኛችሁኝ። እንግዲህ ከጥቂት ወራት በኋላ ያልተፈተነ ቀለም ከፋብሪካው ይውጣ አይውጣ ብሎ የሚወስነው እሱ፣ እሺ ብዬ የምፈርመው እኔ ነኝ ማለት ነው። ለዚህ ውለታችሁ ያለኝን ምስጋና በቁጥር ከፋፍዬ አቀርባለሁ።

1. ስለ ጥያቄያችሁ ጥልቀት። "በዚህ ከተማ ስንት በር አለ?" ብላችሁ ስትጠይቁኝ፣ የቁም ሳጥን በር ይቆጠር እንደሆነ፣ የመኪናስ፣ ሁለት ክንፍ ያለው በር አንድ ይባል ሁለት፣ በአክብሮት ማብራሪያ ጠየቅሁ። የከተማው ካርታና አንድ ሳምንት ቢሰጠኝ ደግሞ ከየሰፈሩ ናሙና ወስጄ፣ የስህተቱን መጠን ጭምር ጽፌ እንደማቀርብ ገለጽኩ። ከመካከላችሁ መነጽር ያደረጉት እመቤት "ግምት ብቻ ነው የምንፈልገው፣ አይጨነቁ" አሉኝ፤ እኔም በግምት ቀለም ቀላቅዬ እንደማላውቅ ነገርኳቸው። ረዳቴ ግን፣ በማግስቱ ሻይ ክበብ ውስጥ እየሳቀ እንዳጫወተን፣ ወንበሩ ላይ በቅጡ ሳይቀመጥ "ሦስት ሚሊዮን" ብሏችኋል። ከየት እንዳመጣው ብጠይቀው "ጋሼ ደግሞ፣ ማን ሄዶ ሊቆጥረው ነው?" አለኝ። ባለቤቴ እንኳ "አንድ ቁጥር ጠርተህ ብትገላገል ምን ነበረበት?" ብላ ከእናንተ ወገን ቆማለች። በላካችሁልኝ ደብዳቤ ውሳኔ የመስጠት ድፍረት እንደሚጎድለኝ ስላሳወቃችሁኝም አመሰግናለሁ፤ እስከዚያች ቀን ድረስ ጥንቃቄ ይመስለኝ ነበር።

2. ስለ አመራር ብቃት። ረዳቴ አንድን አስቸጋሪ ወቅት በአመራሩ እንዴት እንደተወጣው የጻፈው ድርሰት ልባችሁን እንደነካ ሰምቻለሁ። ፊደሉን ያረምኩለት እኔ ስለሆንኩ ድርሰቱን በሚገባ አውቀዋለሁ። የዘነጋው ነገር ቢኖር፣ አስቸጋሪው ወቅት የመጣው እሱ ራሱ የመድረቅ ፈተናውን ሳይጠብቅ አንድ ሙሉ ጭነት ሰማያዊ ቀለም ስላስወጣ መሆኑን ነው። የአንድ ክሊኒክ ግድግዳ ተራ የሚጠብቁትን ሕመምተኞች ጀርባ ሰማያዊ አድርጎ ሲልክ፣ ቀለሙን አስመልሼ እንደገና የቀላቀልኩት እኔ ነኝ፤ እሱ ስልክ ደውሎ ይቅርታ ጠየቀ። ይህ "ቀውስን መምራት" እንደሚባል ከድርሰቱ ተማርኩ። እኔ በበኩሌ ለዚሁ ጥያቄ "ፈተናውን ስለምጠብቅ እንዲህ ያለ ወቅት አልገጠመኝም" ብዬ መልሼ ነበር።

3. ስለ መስኮቶቻችሁ። ማታ ወደ ቤቴ ስመለስ አውቶቡሱ በሕንፃችሁ ሥር ያልፋል። መጋረጃ ስለሌላችሁ ሰሌዳው ወለል ብሎ ይታያል፤ ባለፈው ማክሰኞ ምኑ በምን እንደተለካ ያልተጻፈበት ግራፍ ተስሎበት ነበር። እኔ የአውቶቡሱን ብረት ይዤ ቆሜ፣ ረዳቴ ከክፍላችሁ ፊት ረድፍ ተቀምጦ። የተማሪ መታወቂያውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ላቦራቶሪ ይገባል፤ የቀለም ቆርቆሮ ውስጥ ሲነከርበት እንኳ ጠርጎ መልሶ ያንጠለጥለዋል እንጂ አያወልቀውም። ይህን ሁሉ የሚያስጽፈኝ ቅናት ነው የሚሉ አሉ። ነው። የሚለካበት መሣሪያ ስለሌለኝ ግን መጠኑን ከመግለጽ እቆጠባለሁ።

ውሳኔያችሁን እንድትለውጡ አልጠይቅም፤ ፈጥናችሁ የወሰናችሁትን ነገር ቆም ብላችሁ እንድታዩ መጠየቅ ከትምህርታችሁ መንፈስ ጋር እንዳይጋጭ እሰጋለሁና።

በከተማው ስንት በር እንዳለ ዛሬም የማያውቀው፣ የራሱን ሰፈር ግን ቆጥሮ የጨረሰው፣ ከልብ አክባሪያችሁ፣

የላቦራቶሪው ኃላፊ

ማስታወሻ፦ ረዳቴ በቅርቡ የስታቲስቲክስ የቤት ሥራውን ይዞ መጥቶ "ጋሼ፣ አንዴ ብቻ ይዩልኝ" አለኝ። ስህተት አይቶ ማለፍ ስለማይሆንልኝ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንደገና ሠራሁት። መምህራችሁ ከክፍሉ አንደኛ ብለው በተማሪዎቹ ፊት እንዳነበቡት ሰምቻለሁ፤ ምስጋናዬ ይድረሳቸው። በዚህ ሳምንት ግን የላቦራቶሪው ሚዛኖች ስለሚፈተሹ ጊዜ አይኖረኝም፤ እባካችሁ የሁለተኛው የቤት ሥራ ማስረከቢያ እስከ ሰኞ ይራዘምልን።