አጥር ላይ የተሰጣው ሱሪ

ሆሳዕና፣ ሐምሌ 12 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለፋንታዬ፣ ድሬዳዋ፤

ጤናሽን አብዝቶ ይስጥልኝ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

የላክሽው የልብስ ማድረቂያ ደርሶናል፤ ባለቤቴ ሙሉነሽ ግን አቃጠለችኝ። ሹራብ ለብቻው በትንሽ ሙቀት፣ ፎጣና ጋቢ በከፍተኛ ብዬ ግድግዳው ላይ ጽፌ ለጠፍኩ። እሷ ሁሉንም አንድ ላይ ከትታ ሹራቤን የሕፃን ልክ አደረገችው! ይህስ ይሁን። ጂንስ ሱሪው በማሽኑ እንጂ ውጭ እንዳይሰጣ ስንት ጊዜ ነገርኳት! "መብራት እስኪመጣ አልጠብቅም፣ ፀሐይ ወጥታለች" ብላ አጥር ላይ ሰጣችው። ለቀበሌው ወጣቶችን ለብሔራዊ ውትድርና የምትመዘግበው ወይዘሮ ውቢት አየችው።

"ጋሼ፣ በስተርጅና ቁመት ጨመሩ እንዴ? ወይስ ብዙነህ መጣ?"

"ልጄ ዱራሜ አክስቱ ጋ ነው። ሱሪው የእኔ ነው፤ ገና አላሳጠርኩትም።"

"እንግዲህ ለብሰውት እናያለና!" ብላ እየሳቀች ሄደች።

ሙሉነሽን የተናገርኳትን አልጽፍልሽም። ሱሪውን አራት ጣት አስቆርጬ ዛሬ ቢሮ ለብሼው ሄድኩ። ወገቡ አልዘጋ ስላለኝ ቀኑን ሙሉ ኮቴን ቆልፌ ዋልኩ።

በዚህ ቤት ያለነው እኔና ሙሉነሽ፣ ሁለታችን ብቻ፣ በብርቱ ናፍቆት ሰላም ብለንሻል።

ወንድምሽ ኃይለመለኮት