የየኔነሽን ስም ለዋጠው መጽሔት

ለክቡር አቶ ቴዎድሮስ
የ«ጉና ጠል» የሥነ ጽሑፍ መጽሔት ዋና አዘጋጅ
መካነ ኢየሱስ

ግልባጭ፦ ማንበብ ለሚችል ሁሉ

ክቡር ሆይ፣ እርስዎም፣ ብዕርዎም፣ ወንበርዎም እንደምን ሰንብታችኋል? እኔ ጉልበቴ ከመያዙና ዐይኔ ከመፍዘዙ በቀር፣ እርስዎን ለማመስገን የሚበቃ ጤና ስላለኝ ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ዘመን፣ በሬ ከፈታሁ በኋላ ነው። ስለዚህ መስመሬ እንደ ጀማሪ አራሽ ትልም ቢወላገድ ይታገሡኝ። የቀበሌያችን መምህርት ፅጌረዳ «እኔ ልጻፍልዎ» ብላኝ ነበር፤ የራሴን ነገር በሰው እጅ አልጽፍም ብያታለሁ።

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ባለቤቴ የኔነሽ ዳኛቸው በሲማዳ አገር የታወቀች አልቃሽ ነበረች። ለቅሶ ላይ ስትደርስ ጫጫታው ዝም ይላል፤ እሷ ትላለች፣ ሴቶቹ ይቀበላሉ። ወንድሟ ምንይችል፣ ገብሱ ለአጨዳ በደረሰ ሰሞን ሲሞት፣ አስከሬኑ ፊት ቆማ ካለችው አንዱ ይህ ነው፤

ገብሱም ደረሰልህ፣ ማሳው ነጣ ነጣ፣
ማጭድህስ እዚህ ነው፤ እጁን ከየት ላምጣ?

እሷ ራሷ ካረፈች ሁለት ዓመት ሞላ። በቀብሯ ዕለት፣ ለአገር ያለቀሰች ሴት አዲስ ስንኝ የሚያወጣላት ሰው ጠፋ። እኔ ባሏ፣ አንድ ነገር ልበል ብዬ አፌን ብከፍት ነፋስ ብቻ ወጣ። ያ ዕዳ እስከ ዛሬ አለብኝ። ግጥሟን በስሟ ላሳትምላት ብዬ ወደ እርስዎ ደጅ የመጣሁት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ለሌላ አልነበረም።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩ኛ. በእጅ የተጻፈ አንቀበልም፣ በኮምፒውተር ይምጣ በማለት፣ በኮምፒውተር ሲመጣም ደግሞ ኃላፊው የሉም በማስባል፣ ከወገዳ እስከ መካነ ኢየሱስ ሦስት ጊዜ አመላልሰውኛልና እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመንገዱን ጉድጓድ አሁን አንድ በአንድ በስም አውቀዋለሁ።

፪ኛ. በአራተኛው ጉዞዬ ቅጽ ሰጡኝ። ገጣሚዋ በአካል ቀርባ ትፈርም ይላል። አርፋለች ብልዎ ቅጹን አገላብጠው አዩት፤ የሞተ ሰው የሚፈርምበት ቦታ ይፈልጉ እንደነበር ገብቶኛል፣ ለድካምዎ አመሰግናለሁ። ካጡት በኋላ ግን ያሉኝን እስክሞት አልረሳውም።

«አባቴ፣ ምን አስጨነቀዎ? በእርስዎ ስም ይውጣ። ባሏ አይደሉ?»

እኔም፣ «ልጄ፣ ሰባ ዓመት ሙሉ የጎረቤት ድንበር ገፍቼ አላውቅም፤ በስተርጅና የሚስቴን ልግፋ?» አልሁዎ።

ሳቁ። ከዚያም ወረቀቱ ሥር አንድ ነገር ጻፉ። ስሟ መስሎኝ መርቄዎት ወጣሁ። ያ ምርቃት አሁንም እርስዎ ዘንድ ነው፤ ሲያመችዎ ይመልሱልኝ።

፫ኛ. መጽሔቱ ለገና ወጣ። ፅጌረዳ አምጥታ ስታነብልኝ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ድምፅዋ ተሰናከለ። መነጽሬን አድርጌ ራሴ አየሁት። «ማጭድህስ እዚህ ነው፤ ተስፋ ግን አይታጣ» ይላል። ስለ ተስፋው ባለውለታዎ ነኝ። የምንይችልን ገብስ ያጨድነው ግን እኛ ነን፣ በደቦ፣ ሦስት ቀን ሙሉ። የእሱን ማጭድ አንድም ሰው ደፍሮ አላነሳውም፤ እህሉ ጎተራ እስኪገባ ከተሰቀለበት አልወረደም። ተስፋ የሚባለው አጫጅ በዚያ ሰሞን እናንተ አገር ሥራ ይዞ ከነበረ እኛ አላየነውም።

፬ኛው ከሁሉ ይብሳል፣ ስለዚህ ምስጋናዬም ይበዛል። ከግጥሙ ሥር «የሕዝብ ለቅሶ፣ ባለቤቱ ያልታወቀ» ተብሏል። ቀጥሎ «ሰብሳቢ» ተብሎ የእርስዎ ስም አለ፣ ከፎቶግራፍ ጋር። ፎቶግራፉ እጅግ አምሯል፤ የማያውቅ ሰው ሲያየው ወንድም የሞተብዎ እርስዎ ይመስሉታል። በፅጌረዳ ስልክ ደውዬ ስጠይቅዎ፣ ለቅሶ ባለቤት እንደሌለው፣ አንዷ ብትለው ሁሉ ስለሚቀበለው የሁሉ እንደሆነ በትዕግሥት አስተማሩኝ። ስለ ትምህርቱ ተባረኩ። መቀበል ባለቤትነት ከሆነ ግን ቅዳሴውንም ሕዝቡ ይቀበላል፤ ቀዳሹን ቄስ «ያልታወቀ» ብሎ የመዘገበ ደብር እስካሁን አልሰማሁም።

የአገራችንን ደንብ ደግሞ እኔ ላስተምርዎ፣ በነጻ ነው። በየኔነሽ ቀብር አዲስ ስንኝ በጠፋ ጊዜ አንዲት ሴት ተነሥታ ይህንኑ ግጥም ለራሷ ለየኔነሽ አለችው። ከማለቷ በፊት ግን ደረቷን መትታ፣ «የኔነሽ እንዳለችው» አለች። ሴቶቹም «የኔነሽ እንዳለችው» ብለው ተቀበሉ። አንዳቸውም ፊደል አልቆጠሩም። ዕንባ እየወረዳቸው፣ ነጠላቸው አፈር ለብሶ፣ ስሟን አልዘለሉትም። እርስዎ በወንበር ተቀምጠው፣ መብራት በርቶልዎ፣ ዘለሉት።

ልመናዬ አጭር ነው። በሚቀጥለው እትም ግጥሙ እሷ እንዳለችው ይመለስ፤ ከሥሩም የኔነሽ ዳኛቸው ተብሎ ይጻፍ። ፎቶግራፍ የላትምና ቦታው ባዶ ይተው። ይቅርታ ይጠይቁኝ አልልዎትም፤ እሱን ለሚያውቁበት ሰዎች ይተዉላቸው።

ያላለቀሱበትን ለቅሶ የመሰብሰብ ጸጋዎን፣ ያልጠየቅነውን ተስፋ የማደል ልግስናዎን እያደነቅሁ፣ ከወገበ ሰባራ ሰላምታ ጋር፣

የየኔነሽ ዳኛቸው ባል
ቸኮል ገብረ መድኅን
ሲማዳ፣ ከወገዳ በላይ

በድጋሚ፦ ወገዳ የደረሰው መጽሔት ሃያ ስምንት ነው ብለውኝ ነበር፤ አስሼ ሃያ ስድስቱን አግኝቻለሁ። የትምህርት ቤቱን፣ የጤና ጣቢያውን፣ የባለሱቁን፣ የሁሉንም ባለቤቶች አስፈቅጄ ተስፋውን ሰርዤ እጁን መልሻለሁ፤ ስሟንም ከሥሩ ጽፌአለሁ። ከነዚህ አንዱ ከመሪጌታ ዘንድ ተገኘ፤ እሳቸው ቀድመውኝ ስሟን በቀይ ቀለም ጽፈውት ነበር። የቀሩት ያላገኘኋቸው ሁለቱና እርስዎ ቢሮ ያለው ክምር ናቸው። ሰኞ በአውቶቡስ እመጣለሁ። እስከዚያ ጽፈውት ከቆዩኝ አይቼ እመለሳለሁ። ካልጻፉት ግን እጄ ቀርፋፋ ነውና፣ እባክዎ አንድ ወንበር ያስቀምጡልኝ።