የላክህልኝ ስልክ ፊቴን አላውቅም አለ

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ ለታዲዮስ ጉተማ፤ ባለህበት ጆሃንስበርግ።

የእናቴ ልጅ፣ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩህ ታዲዬ፣ እንዴት ነህልኝ? ጤናህስ? ያ ወገብህ ተሻለህ ወይስ ዛሬም ሱቅ ውስጥ ተገትረህ እየዋልክ ታስቆጣዋለህ? ባለቤትህ ኪዳን እንዴት ናት? ኤልያብስ አደገ? አማርኛውን እንዳታስጠፉበት አደራ፤ ባለፈው በስልክ አክስቴ ለማለት ሲታገል ብሰማው ሆዴን በላኝ። እኔ እንደሆንኩ፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይድረሰውና፣ እየበላሁ እየጠጣሁ አለሁ። የጎደለብኝ ነገር የለም። አንድ የተጨመረብኝ ነገር ግን አለ፤ እሱም እያንገሸገሸኝ ነው።

ካንተ ዘንድ በመጣው በማርቆስ እጅ የላክህልኝን ስልክ ማለቴ ነው። አትቀየመኝ፤ ዕቃውስ ያምራል፣ ሰፊ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ጎረቤቱ ሁሉ እየተቀባበለ አይቶታል። ግን ታዲ፣ ይሄን ነገር ስትገዛ ለማን እንደምትገዛ ረሳኸው እንዴ? የድሮው ስልኬ መስታወቱ ተሰነጣጥቆ ሞተብኝ እንጂ እንደሱ ያለ የት ይገኛል! ጀርባው ላይ ጣቴን ጣል ካደረግኩ አለቀ፣ ይከፈታል። ወፍጮ ቤት በርበሬው እየቦነነ፣ አፍና አፍንጫዬን በሻሽ ጠምጥሜ፣ ጣቴን በሽርጤ ጠረግ አድርጌ ነካ ነው። ማንም ሳያይ ማንም ሳይሰማ። ያ ስልክ ጨዋ ነበር።

ይሄኛው ጣት አያውቅም። አብሮኝ የሚሠራው ገመቹ፣ ወፍጮውን የሚያሽከረክረው፣ አገላብጦ አገላብጦ የጣት ቦታ ቢያጣበት፣ እትዬ ዋጌ ይሄ የሚፈልገው ፊት ነው አለኝ። ፊት! ምን ሊያደርግለት? የቀበሌ መታወቂያ ሊያወጣልኝ ነው? ገመቹ ሳቀና፣ ነይ ቶሎ እናስገባሽ ብሎ እዚያው ሥራ መሐል ላይ አቆመኝ። ሻሹን ከአፌ አወረድኩ። የዘንድሮ በርበሬ ደግሞ እሳት ነው፤ ዓይኔ ቀልቶ፣ አፍንጫዬ ፈሶ፣ ሳስነጥስና እንባዬን ስጠርግ ስልኩ ወደ ቀኝ ዙሪ፣ ወደ ግራ ዙሪ፣ ቀና በይ፣ ዝቅ በይ ይለኛል። በዚህ ዕድሜዬ እንደሚሸጥ በሬ ዞርኩለት። ኤጭ! ያን ጊዜ ነው የቀፈፈኝ።

ይባስ ብሎ ጠዋት ስነሳ ነው ጉዱ። አባታችን ፊቱን ሳይታጠብ እንኳን ደህና አደርክ ላለው ሰው መልስ እንደማይሰጥ ታስታውሳለህ። እኔም በሱ ወጣሁ፤ ፊቴን ሳልታጠብ ለባልም ለልጅም ቃል አልተነፍስም። አሁን ግን ገና ዓይኔን ሳልገልጥ፣ ዓይናሬን ሳልጠርግ፣ ሰዓት ልይ ብዬ ሳነሳው ያፈጥብኛል። አፍጥጦ ሲያበቃ ደግሞ አላወቅኩሽም ይላል! ታጥቤ መጣሁ፤ አላወቅኩሽም። ቅባት ተቀባሁ፣ ነጠላዬን አጣፋሁ፤ አሁንም አላወቅኩሽም፣ ቁጥር አስገቢ። ቁጥሩ ደግሞ መች ጭንቅላቴ ውስጥ ይቆያል? በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ዕቃዬ፣ ማነሽ ተባልኩ። እውነቴን ነው የምልህ፣ አንስቼ ባኞ ቤት ልወረውረው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ለካስ የሚያውቀኝስ ቀን አለው። አቶ ሀብተማርያም ዐረፉ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፤ ኳስ ግቢያቸው ሲገባባችሁ ይቀሟችሁ የነበሩት ጎረቤታችን። ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ፣ ሻሼን እስከ ቅንድቤ አስሬ፣ እሳቸውንም አባታችንንም እያነሳሁ አለቀስኩ፣ አለቀስኩ። በመሐል ያ ስልክ ከጉያዬ ጮኸ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ላጠፋው አውጥቼ ገና ሳየው፣ ከች! እንደ ጥንት ወዳጁ ተከፈተልኝ። በነጋታው ለገመቹ ብነግረው፣ እትዬ ዋጌ ያስገባነው እኮ በርበሬ ያስለቀሰሽን ፊት ነው፣ ስታለቅሺ ካልሆነ አያውቅሽም አለኝና ሆዱን ይዞ ሳቀ። እንደገና እናስገባ ቢለኝ፣ ወግድ፣ ሁለተኛ አልዞርለትም አልኩት። ሰው ሲያለቅስ እንጂ ሲስቅ የማያውቅ ዕቃ ምን ይባላል? ሟርተኛ ነው እንጂ!

አሁን ወደማልወደው ነገር ልምጣ። ስልኩን የላክህልኝ እማዬን በምስል እንዳሳይህ ነው ብለሃል። ተንኮልህ አልገባኝም እንዳይመስልህ። እማዬ ያለችው ሶፊ ቤት፣ አስኮ ነው። ሶፊም ስልክ አላት። እኔን ከዘነበወርቅ አስነስተህ እህቴ ደጅ ልታቆመኝ ፈልገህ ነው። ሶፊ ያደረገችኝን ደግሞ ታውቃለህ። በክረምቱ፣ እኔ ወፍጮ ቤት እያለሁ፣ መኪና አቁማ እማዬን ከቤቴ ጫነቻት። ስመለስ አልጋው ባዶ፣ ጋቢዋ የለም፣ መቁጠሪያዋ የለም። ስደውልላት ያለችኝ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ፦ ልብስሽ በርበሬ፣ ፀጉርሽ በርበሬ፣ እማዬን በሳል ልትጨርሻት ነው አለችኝ። በዚያ በርበሬ ነው አንተም እሷም የተማራችሁት! ከዚያ ወዲህ ደጇን አልረግጥም ብዬ ማልኩ። የነፍስ አባታችንን ብትልክብኝም በቡና ሸኘኋቸው። ስሟ ሲነሳ ምራቄን ነበር የምውጠው።

ግን አንተ ደግሞ እየደወልክ እማዬ ድምፅዋ ደክሟል፣ አንዴ እዪልኝ አልከኝ። አባባልህ አስፈራኝ። ሳላያት ብትሄድብኝስ ብዬ ትናንት፣ ለኅዳር ጽዮን ቤተ ክርስቲያን ስሜ፣ በዚያው ሁለት ታክሲ ይዤ አስኮ ወረድኩ። ስልኩን ይዤ ላሳይህና ውሃ እንኳ ሳልቀምስ ልመለስ ነበር ሐሳቤ። ሶፊ በሩን ከፈተችልኝ። ፊቷን ሳላይ አልፌያት ገባሁ።

እማዬ አልጋው ላይ ሆና ሳያት ክው አልኩ። አንሳለች ታዲ። ዓይኗን ሞራ ጋርዶታል፤ ሰው መኖሩን እንጂ ማን መሆኑን አትለይም። ጉንጯን ስሜ ቁጭ አልኩና፣ እንባዬ ሳይመጣ ቶሎ ልገላገል ብዬ ስልኩን አወጣሁ። አላወቅኩሽም አለኝ። ደገምኩ፤ አላወቅኩሽም። ደሜ ፈላ። ሶፊ ከጎኔ፣ እስቲ አምጪው ብላ ተቀብላኝ ገና ዓይኗ እንዳረፈበት፣ ከች አለና ተከፈተ።

እንዴት እንደጠላሁት ልነግርህ አልችልም። ከአገር ምድሩ ሰው መርጦ ለሷ! ልጅ ሆነን ሰው ሁሉ አንድ ሎሚ ለሁለት የተከፈሉ ይለን ነበር፤ ያኔ ደስ ይለኝ ነበር፤ ትናንት ግን አቅለሸለሸኝ። ስልኩን ከእጇ ልመንትፍ ቀና ስል ነው ፊቷን ያየሁት። ዓይኗ ቀልቷል፣ አብጧል። አፍንጫዋ ተልጧል። ሻሿን እስከ ቅንድቧ አስራለች። ወፍጮ ቤት የዋለች እኔን ነው የምትመስለው። እሷ ቤት ደግሞ በርበሬ አይገባም። ምን ሆነሽ ነው አልኳት፤ ከክረምት ወዲህ የመጀመሪያ ቃሌ ነው። እማዬ ሌሊት እየተነሳች በር ክፈቱላት ትለኛለች፣ ለማን እንደሆነ ታውቂያለሽ አለችኝ።

ላንተ ደወልን፤ አላነሳህም። ሱቅ ሞልቶብህ ነበር መሰለኝ። ይሄኔ እማዬ ፊቷን ወደ እኔ መልሳ ትኩር ብላ አየችኝና፣ ሶፊዬ፣ ዋጌ ዛሬም አልመጣችም? አለችኝ። እኔን ነው ታዲ! ዓይኔን እያየች! ስልኩ ያለኝን እናቴም ደገመችው አልኩ። መጥቻለሁ በማለት ፈንታ እጄን ስሰድላት በሁለት እጇ ያዘችው። ጣቶቼን አንድ በአንድ ዳሰሰች፤ በርበሬ የሰነጣጠቀውን፣ ስንቴ ብታጠብ ሽታው የማይለቀውን። ከዚያ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋቻቸው። አሳላት። ደግማ አሸተተች፤ ደግሞ አሳላት። ልወስድባት ብል አጥብቃ ያዘች። ዋጌ፣ ምነው እንዲህ ቆየሽ? አለችኝ።

ሶፊ ውሃ ይዛ መጥታ ቆመች። እጅሽን አንሺ፣ ያስላታል አላለችኝም። እማዬም እያሳላት አልለቀቀችኝም፤ ጣቴን እንደያዘች እንቅልፍ ወሰዳት።

ይሄን ስልህ ታርቀናል ብለህ ከበሮ እንዳትመታ። እኔና ሶፊ ገና ብዙ የምንባባለው አለን፤ ጀምረነዋልም። ስልክህንም አልታረቅኩትም፤ እስካሁን ሳየው ይቀፈኛል። ለዚህ ነው በወረቀት የጻፍኩልህ፤ ማርቆስ ሐሙስ ስለሚመለስ ይዞልህ ይመጣል። ፊት ምን ይታመናል? ይታጠቡታል፣ ይቀቡታል፣ ይጨማደዳል፣ እህት ከእህት ይጋራዋል። ከቻልክ ጣት የሚያውቅ ፈልገህ ላክልኝ፤ ካልቻልክም ተወው፣ እኔን የሚያውቀኝ አግኝቻለሁ። አንተ ግን ሳትዘገይ ና። እማዬን ከሩቅ በምስል አያታለሁ ብለህ አትዘናጋ፤ በምስል አታውቅህም። እጅህን ይዘህ ና።

ኪዳንን ጉንጮቿን በየተራ ሳምልኝ፤ የጠየቀችኝን በርበሬ ራሴ ፈጭቼ ለማርቆስ አስይዤላታለሁ። ኤልያብን አገላብጠህ ሳምልኝ፣ አክስቴ ማለቱንም አለማምደው። አብረውህ ላሉት ያገራችን ልጆች በሙሉ ሰላም በልልኝ። እማዬ፣ እግርህን እንቅፋት አይምታው፣ የያዝከው ይባረክ ብላሃለች፤ ይሄን ስጽፍ ግራ እጄን ይዛዋለች። ሶፊም ራት እያቀረበች፣ ለታዲ ሰላም በይልኝ ብላለች፤ ይኸው ብያለሁ።

እህትህ ዋጋነሽ ጉተማ
አስኮ፣ ሶፊ ቤት
ኅዳር 22 ቀን 2018 ዓ.ም.