የአራት መቶው ምልክት

ለውድ ታናሽ እህቴ፣

ለዚህ ሁሉ ጥፋተኛው መምህሩ ወንድማችን ነው። ይህን ያስቀደምኩት ሰላምታው አለሳልሶኝ እንዳልተወው ብዬ ነው። አሁን ልጠይቅሽ፤ እንደምን አለሽልኝ? ጉልበትሽ ተሻለው? ባለቤትሽስ፣ ልጆችሽስ ደኅና ናቸው? እኔ ከወገቤ በቀር ደኅና ነኝ። ወገቤንም የጨረሰው የጡብ ሸክም መሆኑን ታውቂያለሽ።

ደብዳቤሽን ለማንም ሳላስነብብ ራሴ አነበብኩት። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ፊደል መቁጠሬ ለዚህ በጀኝ። ታረቂው፣ እውነተኛውን ምልክት ስጪው ትያለሽ። እሱ የነገረሽ ግማሹን ነውና የቀረውን ከእኔ ስሚ።

አባታችን እርጥብ ጡብ ላይ በሚስማር የሚጭራቸውን የቁጥር ምልክቶች ከአንድ እስከ ሺህ ያስተማረው እኔን ነው። አንቺ ገና ሕፃን ነበርሽ። ወንድማችን ደብተሩን ይዞ ትምህርት ቤት ሲሄድ፣ ጡቡ የሚቃጠልበት ምድጃ አጠገብ ጭቃ ሳቦካ የምውለው እኔ ነበርኩ። የእሱንም ሱሪ የማጥበው እኔው ነበርኩ።

ካቻምና ሁለት ተመራማሪዎች ይዞ ቤቴ መጣ። የጥንት ቁጥሮችን ኮምፒውተር ውስጥ ሊያስገቡ ነው፤ እያንዳንዱ ምልክት የራሱ ቦታ ይሰጠዋል፣ ከዚያ ወዲያ የትም አገር ያለ ስልክ ይጽፈዋል አሉኝ። አልዋሽሽም፣ ደስ አለኝ። ሳህን ላይ ጭቃ ደልድዬ አንድ በአንድ እየጫርኩ አሳየኋቸው። ከሁሉም አራት መቶዋ ብቻ ስትቀር ወገቤ እምቢ አለኝና ለሌላ ቀን ተባባልን።

በወሩ ብቻውን ተመለሰ። ያዘጋጁትን ማመልከቻ ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቶ ስልክ ሊያነጋግር ወጣ። አታነብም ብሎ ነዋ። እኔ ግን በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። ምልክቶቹን ከአባቱ ተምሮ ጠብቆ ያቆየው መምህሩ ነው ይላል። ዝቅ ብሎ ደግሞ፣ ፊደል የማትለይ አንዲት የቤተሰቡ ሴት ጭቃ በማቅረብ ረድታለች ይላል። እኔ መሆኔ ነው። ስሜ እንኳ የለም።

ገብቶ፣ እትዬ፣ አራት መቶዋ ብቻ ናት የቀረችን፣ ቶሎ ጫሪልኝ አለኝ። ሚስማሩን አነሳሁና አባታችን የተሰነጠቀ ጡብ ላይ የሚያደርገውን ምልክት ጫርኩለት። ይህ አይረባም፣ ወዲያ ጣሉት የሚለውን። ወንድማችን አየውና ከሁሉም ይቺ ታምራለች አለ። ስለ ምልክቶቹ ባሳተመው መጽሐፍ ሽፋን ላይም እሱኑ አወጣው።

ምልክቱ ኮምፒውተር ውስጥ ገባ። አንዴ ከገባ ደግሞ አይፋቅም፣ ከቦታውም አይነቀልም፤ ሕጋቸው ነው። በመጽሐፉ ምረቃ ዕለት አመዱ የምንለው የድሮው ጡብ ተሸካሚ ሽፋኑን አይቶ ሆዱን ይዞ ሳቀ አሉ። ምነው መምህር፣ መጽሐፍህ ላይ ወዲያ ጣሉት ብለህ ጻፍክበት እንዴ አለው፣ ያ ሁሉ እንግዳ እየሰማ። የአራት መቶውን እውነተኛ ምልክት ግን አመዱም አያውቀውም። የተጻፈበት ጡብም እስካሁን አልተገኘም።

አንቺ የአባታችን እጅ ይጠፋል፣ አባታችንስ ምን አጠፋ ትያለሽ። ልክ ነሽ፣ ይጠፋል። ወንድማችን አሁን አስተካክዬ ስሟን በትልቁ አወጣዋለሁ ይላል አሉ። ሲጨንቀው የሚወጣ ስም ለእኔ ስም አይሆነኝም። እሱ ያንን መጽሐፍ ባየ ቁጥር ይቃጠል፤ ጡቡን ስናቃጥል እኛም ተለብልበናል።

ባለቤትሽን ስለ መነጽሩ አመስግኚልኝ፣ ልክ ሆኖልኛል። ትልቋን ልጅሽን ግንባሯን ሳሚልኝ። መንታዎቹን ጉንጫቸውን ቆንጥጪልኝ። አማትሽንም ጤናቸውን ጠይቂልኝ። ወንድማችን ሲደውልልሽ ደግሞ ይህን ንገሪው፤ ከእንግዲህ ለእሱ ብዬ ሚስማር አላነሳም።

ታላቅ እህትሽ
ከአሮጌው ምድጃ ማዶ ካለው ቤቴ
ሐሙስ፣ ወሩ በገባ በዘጠነኛው ቀን