ሳይቆረጡ የቀሩት ስምንት ቅጠሎች

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፤ እንዴት ሰነበትክ? ሚስትህስ፣ ልጆችህስ ደህና ናቸው? ጎረቤቶችህስ እንደ ወትሮው ይጣላሉ? እኔ ከወገቤ ሕመምና አንተ ካመጣህብኝ ንዴት በቀር ደህና ነኝ። የእማዬን ዓይን ገና አልጠየቅኩህም፤ እመጣበታለሁ።

እንድጠርዘው የላክኸው ያ የድሮ የግድያ ልብ ወለድ ደርሶኛል። «ገዳዩን እንኳን እኛ የሰፈሩ ድመት ያውቀዋል፤ ካልሆነ ጣይው» ብለህ ጽፈህበታል። አለቃዬም ካንተ አይሻልም። ጠረጴዛዬ ላይ ቢያየው፣ ገዳዩ የታወቀ መጽሐፍ ደግሞ ማን ያነባል አለኝ። ሠላሳ ዓመት መጽሐፍ ጠርዞ አንዱንም ያልጨረሰ ሰው!

የመድገምን ጣዕም እናንተ ከየት ታውቁታላችሁ? እማዬ ታውቀዋለች። በየክረምቱ እኔና እሷ የደንበኛ ልብስ ስንዘመዝም፣ ሥራ ፈቱ አንተ ይህንኑ መጽሐፍ ታነብልን ነበር። ገዳዩን ማወቋ አንድም ቀን አላሰለቻትም። እንዲያውም ገዳዩ ሐኪም ገና በሩን ሲያንኳኳ መርፌዋን አቁማ፣ «መጣ ደግሞ! እጁን እንዴት እንደሚታጠብ እዩልኝ!» ትላለች። እኔም አብሬያት እሰድበው ነበር፤ እንደዚያ ደስ እያለኝ የጠላሁት ሰው የለም።

ታዲያ ትናንት የመጽሐፉን ስፌት ስፈታ ምን ባገኝ ጥሩ ነው? የመጨረሻዎቹ ስምንት ቅጠሎች ጫፋቸው አልተቆረጠም። ማተሚያ ቤቱ አጣጥፎ እንደላካቸው ናቸው፤ ቢላ ካልገባባቸው አይገለጡም። አንተ ጉደኛ! ጓደኞችህ ለኳስ ሲጠሩህ መጽሐፉን ዘግተህ፣ «ሐኪሙ ነው የገደለው» ብለህ የሮጥከው ከራስህ ፈጥረህ ነው? ከዚያም በየዓመቱ ያንኑ ደገምከው። «እኔ እኮ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ነው ያወቅኩት» እያልክ ደረትህን ነፋህ። ቢላ ማንሳት የከበደው መርማሪ!

ቆርጬ አነበብኩት። ሐኪሙ ንጹሕ ነው። ጭራሽ ገዳዩን ያጋለጠው እሱ ነው።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ስቄ አልፍህ ነበር። ግን እማዬ ዓይኗን ሞራ ጋርዶት መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ካቃታት ሁለት ዓመት ሆናት። «ሐኪም ስለት ይዞ አጠገቤ አይደርስም፤ አውቃቸዋለሁ» ስትል፣ አንተ ግትር ሆነች ብለህ ጻፍክልኝ። የት ታውቃቸዋለች? በዕድሜዋ የምታውቀው ሐኪም ያንን የወረቀቱን ብቻ ነው። እሱንም ነፍሰ ገዳይ ያደረግከው አንተ ነህ።

መጽሐፉ በአዲስ ሽፋን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይደርስሃል። ፊቷ ቁጭ በልና ስምንቱንም ቅጠል ሳትዘል አንብብላት። መዋሸትህንም በገዛ አፍህ ንገራት። ብትሰድብህ ቻለው፤ ሲያንስህ ነው። ከዚያ እጇን ይዘህ ወደ ዓይን ሐኪም ውሰዳት።

ሚስትህን ሰላም በልልኝ፤ ትዕግሥቷን አደንቃለሁ። ልጆቹን ሳምልኝ፤ የጀመሩትን መጽሐፍ እንዲጨርሱ ምከራቸው፣ አፍህ ከቻለ። አክስታችንንም ስለ ጉልበቷ ጠይቅልኝ። ለእማዬ ግን ባንተ አፍ ሰላምታ አልልክም። ለብቻዋ ጽፌ አሽጌ መጽሐፉ ውስጥ አኑሬዋለሁ። እንዳትከፍተው፤ ሞራው ሲነሳላት ራሷ ታነበዋለች።

ታላቅ እህትህ
ከጥረዛ ክፍሉ፣ ሐሙስ ጥቅምት 14 ቀን